ለአንድ ሻወር የተጠራ ደቦ

በቀን አሥራ ስድስት መታጠቢያ ቤት አጸዳ ነበር፤ የራሴ ግን ጠዋት ጠዋት አይገኝልኝም ነበር። ዘመኑ በፈረንጆቹ የሰማንያዎቹ ማብቂያ ነው። ዌስትቼስተር፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ባለ ሆቴል ክፍል አጽጂ ነበርኩ፤ ባሌ ደግሞ ታክሲ ይነዳ ነበር። የምንኖረው ከፌርፋክስ ጎዳና ሁለት መንገድ ገባ ብሎ፣ ባለ አንድ መኝታ ቤት አፓርትመንት ውስጥ ነው። ያኔ ሰፈሩ ገና በአገራችን ስም አይጠራም። ሦስት አራት ምግብ ቤትና አንድ ቅመም የሚሸጥ ሱቅ ነበር ያለን፤ እሱም ብዙ መስሎን እንኩራራ ነበር።

መታጠቢያ ቤቴን የያዙብኝ አጎቴ ናቸው። የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ አገር ቤት ሃያ ምናምን ዓመት ዳኛ የነበሩ፣ በሱዳን በኩል ዞረው ስድሳ ዓመታቸውን ካለፉ በኋላ እኛ ሳሎን የደረሱ ሰው። ሥራ አግኝተው ነበር፤ መኪና ማቆሚያ ውስጥ፣ ቁምሣጥን በምታክል ክፍል ተቀምጠው ቲኬት ይቆርጣሉ። ለዚያች ሥራ ክራቫት ያስራሉ። ሸሚዛቸውን ራሳቸው ይተኩሳሉ። ሶፋው ላይ ያደሩበትን ብርድ ልብስ ጠርዝ ከጠርዝ ገጥመው ያጥፉና ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መታጠቢያ ቤት ይገባሉ። የሚወጡት አንድ ሰዓት ሙሉ ቆይተው ነው።

ውሃው ሲወርድ ይሰማኛል። እኔ ፎጣዬን ትከሻዬ ላይ ጥዬ በሩ ላይ እቆማለሁ። ማንኳኳት አይታሰብም፤ ትልቅ ሰው ላይ በር አይንኳኳም ተብዬ ነው ያደግሁት። ባሌ፣ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ተቀምጦ የሚውል ሰው ምን ያህል ቢቆሽሽ ነው ብሎ ሲያጉተመትም እኔው ራሴ እቆጣዋለሁ፤ በሆዴ የምጠይቀው ግን ያንኑ ነው። ሦስት ጊዜ ሥራ አርፍጄ የሆቴሉ ተቆጣጣሪ የማስጠንቀቂያ ወረቀት አስፈርማኛለች። ምክንያቴን ስትጠይቀኝ «አጎቴ እየታጠቡ ነበር» አልኳት። ሴትዮዋ እንድፈርም ብዕሩን ሰጠችኝ።

አጎቴ ሌላም ጠባይ ነበራቸው፤ ከሰው ምንም አይጠይቁም። ጨው ከባሌ ፊት ከሆነ ተነስተው ጠረጴዛውን ዞረው ያመጣሉ እንጂ አቀብሉኝ አይሉም። ሲበርዳቸው መስኮቱን ዝጉልኝ አይሉም፤ ኮታቸውን ይደርባሉ። እንዲህ ያለው ጠባይ ለሁለት ቀን እንግዳ ጨዋነት ነው። ስምንት ወር ሲሆን ግን ባለቤቱን ያስጨንቃል። ምን ጎደላቸው ይሆን እያልኩ ፊታቸውን ስመረምር፣ አንዳንድ ቀን ከአሥራ ስድስቱ መታጠቢያ ቤት የበለጠ ይደክመኝ ነበር።

በስምንተኛው ወር ሂውስተን የሚኖር የሟች ሚስታቸው የወንድም ልጅ ደብዳቤና የአውቶቡስ ቲኬት ላከላቸው። ሰፊ ቤት አለኝ፣ ይምጡና ከእኔ ጋር ይኑሩ ይላል። ልጁ ደግ ነው፤ ነገር ግን ሁለት ቦታ የሚሠራ ወንደላጤ ነው። አጎቴ በዚያ ሰፊ ቤት ውስጥ ከቴሌቪዥን ጋር ብቻቸውን ቁጭ ብለው ታዩኝ። ቲኬቱ የተቆረጠው ከሦስት ሳምንት በኋላ ላለው እሑድ ነው። እውነቱን ልናገርና፣ ከቤቴ እንዲወጡልኝ ፈልጌ ነበር። ከከተማው እንዲወጡ ግን አልፈለግሁም። እወዳቸዋለሁ። ሲስቁ የእናቴን ሳቅ ነው የሚስቁት፤ እሱን ደግሞ በአውቶቡስ ጭኜ ልልከው አልቻልኩም።

መፍትሔ ያመጣው ባሌ ነው፤ የባሌ መፍትሔ ሁልጊዜ ጎማ አለው። የታክሲ ደንበኛው የሆነ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ልጁ ዘንድ ሊኖር ሲሄድ አሮጌ ሞተር ሆሙን ለባሌ ለቀቀለት። ሞተር ሆም ማለት ቤት የተጫነበት መኪና ነው፤ አልጋ፣ ምድጃ፣ ቁምሣጥን፣ ሽንት ቤትና ሻወር አለው። የዚህኛው ሞተር ከሞተ ቆይቷል፤ ቤቱ ግን በሕይወት አለ። አስጎትቶ አመጣውና፣ ፌርፋክስ ላይ ምግብ ቤት ያላት፣ ሁላችንም እትዬ የምንላት ሴት፣ ከወጥ ቤቷ ጀርባ ባለው ግቢ ጥግ ላይ አስቆመችው። «ዝም ብለህ ፓርክ አድርገው፤ ማን ያየዋል» አለችው። ከእኛ ቤት በእግር አምስት ደቂቃ ነው።

አጎቴ ሊያዩት ክራቫታቸውን አስረው መጡ። ቁምሣጥኑን ከፍተው ዘጉ። አልጋው ላይ ተቀምጠው ተነሱ። የመግቢያውን በር ሦስት ጊዜ ቆልፈው ከፈቱና ቁልፉን በመዳፋቸው ይዘው ትንሽ ቆሙ። ደስ እንዳላቸው ገባኝ። ከዚያ የሻወሩን በር ከፈቱ።

ሻወሩ አንድ ሰው፣ እሱም ክርኑን ሰብስቦ፣ የሚቆምበት የፕላስቲክ ሳጥን ነው። ፈረንጁ በጉብዝናው ዘመን ግድግዳውን ዕብነ በረድ የሚመስል ስስ ልባስ ለጥፎበት ኖሯል። ልባሱ ረግፎ አልቋል፤ የተለጠፈበት ማስቲሽ ግን ከላይ እስከ ታች ቀርቷል። ድስት ጠርዝ ላይ እንደ ደረቀ ሽሮ ቡኒ ነው፣ ጉብታ ጉብታ አለው፣ ባለቤቱ የማይታወቅ ጸጉርም ይዟል። ሲቀዘቅዝ ድንጋይ ነው። ሙቅ ውሃ ሲነካው ደግሞ ነፍስ ይዘራል። ይህን ያወቅነው አጎቴ በነጋታው ለሙከራ ሊታጠቡ ገብተው ትከሻቸው ግድግዳው ላይ ሲጣበቅ ነው። እንደ ምንም ተላቅቀው፣ የፎጣቸውን ጥግ ለማስቲሹ ትተውለት ወጡ።

እኛ ጋ እየመጡ ይታጠቡ አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ለመታጠብ የሰው ደጅ የምሄድ ከሆነ ይህ ቤት አይባልም» አሉ። «ግድግዳው ከጸዳ እኖርበታለሁ። ካልጸዳ በቲኬቱ ቀን ሂውስተን እሄዳለሁ።»

ውሳኔው ይግባኝ አልነበረውም። ሦስት ሳምንት ቀርቶናል።

ባሌ በካቻቪቴ ጀመረ። አንድ ጉብታ ለማንሳት ግማሽ ሰዓት ታገለ፤ ጉብታው ሲነሳ ግድግዳው ላይ ጣት የሚያስገባ ጭረት ቀረ። አጎቴ ካቻቪቴውን ከእጁ ተቀብለው ኪሳቸው አስገቡት። ወሬው በዚያው ቀን ፌርፋክስን አዳረሰ። የእኛ ሰው ደግሞ በሌላው ነገር ቢቆጥብ በምክር አይቆጥብም። ምሳ ሊበላ የመጣ ሁሉ እጁን ሳይታጠብ ወደ ጓሮ እየዞረ፣ በሻወሩ በር አንገቱን አስግጎ አይቶ፣ መድኃኒቱን ይናገር ጀመር። አንዱ ላምባ አለ። አንዱ በረዶ ይያዝበት አለ። አንዱ፣ ፈረንጆች እንዲህ ያለውን የሚያስለቅቁት በለውዝ ቅቤ ነው ብሎ ማለ።

አጎቴ እትዬ ያወጣችላቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው ሁሉንም ሰሙ። ሃያ ምናምን ዓመት የለመዱት ሥራ ነውና ፊታቸው በራ። ለእያንዳንዱ የሚያቀርቡት ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ በዓይንህ አይተሃል ወይስ ሲባል ሰምተህ ነው? ላምባ ያለው ሰምቶ ነው። በረዶ ያለው ከሰማ ሰው ሰምቶ ነው። የለውዝ ቅቤው ሰውዬ ቴሌቪዥን ላይ ይመስለኛል አለ። አጎቴ አመስግነው አሰናበቷቸው።

እኔ ዝም አልኩ። ትዕግሥት ኖሮኝ አይደለም፤ ንቄያቸው ነው። በቀን አሥራ ስድስት መታጠቢያ ቤት የማጸዳ ሰው ቆሜ እያየሁ፣ ስለ መታጠቢያ ቤት ታክሲ ነጂ ይጠየቃል? ትዕቢቴ ነደደና በማግስቱ አጎቴ ሥራ እያሉ ብቻዬን ገባሁ። የያዝኩት የጥፍር ቀለም የማስለቅቅበትን አሴቶን ነው። ጨርቅ ነክሬበት ግድግዳውን ፈተግሁት። ማስቲሹ ለቀቀ። «ይኸው!» አልኩ ብቻዬን። ከዚያ ግድግዳውም ለቀቀ። ፕላስቲኩ እንደ ቀለጠ ስኳር ሟሙቶ ጨርቄ ላይ ተከተለኝ፤ መዳፍ የምታክል ቦታ ተጨማደደች። ደንግጬ አሴቶኑን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ወደ ቤቴ ሸሸሁ።

ማታውን አጎቴ አስጠሩኝ። ይህን ማን አደረገው አሉኝ። እኔ እንጃ፣ ፈረንጁ ይሆናል አልኩ። ወደ ግድግዳው ሳይሆን ወደ እጄ ነበር የሚያዩት።

«ትናንት ጥፍርሽ ቀይ ነበር» አሉ።

አሥሩንም ጣቶቼን አጠፍኩ፤ ረፍዷል። በሚቀጥለው ቀን ስገባ በተጨማደደችው ቦታ ላይ የሳሙና ማስቀመጫ ተሰቅሎ አገኘሁ፤ አለካኩ ልክክ ብሏል። ለባሌም ሆነ ለእትዬ ስለዚያ ነገር እስከ ዕለተ ሞታቸው አልተናገሩም። እኔ ነኝ ዛሬ የማወራው።

የመጀመሪያው ሳምንት እንዲህ አለቀ። ሁለተኛው ሊጋመስ ሲል ባሌ በድንገት «ደቦ እንጥራ» አለ። እኔ ሳቅሁ። አጎቴ ግን አልሳቁም። እርዳታ ቢባሉ እምቢ እንደሚሉ ባሌ ያውቃል፤ ደቦ ግን ሌላ ነው። «ጋሼ፣ ደቦ እኮ ልመና አይደለም። ዛሬ እነሱ ለእርስዎ፣ ነገ እርስዎ ለእነሱ» አላቸው። የገበሬ ልጅ ናቸውና ነገሩ ገባቸው። ደቦ ከሆነ ግን በወጉ ይሁን አሉ፤ የደቦ ባለቤት ያበላል፣ ያጠጣል፣ በተራው ጉልበቱን ይመልሳል። ለምግቡ ከእትዬ ጋር ተዋዋሉና ሁለት ቀን ከሥራ መልስ ወጥ ቤቷ ቁጭ ብለው ሽንኩርት ከተፉላት። ስንቱ ተከሳሽ ፈርቶት የቆመ ፊት በሽንኩርት እንባ ርሶ አየሁት።

ቀን መምረጡ ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ ሆነ። ታክሲ ነጂዎቹ እሑድ ይመቸናል አሉ። ከተጠሩት አንዱ ዲያቆን ነው፣ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ ይጭናል፤ በሰንበት ሥራ የለም አለ። ሰኞ ሚካኤል ዋለ። ዓርብ ይሻላል ተብሎ ሲስማሙ ዲያቆኑ በጣቱ ቆጥሮ ኪዳነ ምሕረት ነው አለ። ከታክሲ ነጂዎቹ አንዱ ጴንጤ ነበርና፣ እናንተ እኮ የሥራ ቀን የላችሁም አለው፤ ዲያቆኑም፣ እናንተ ደግሞ የዕረፍት ቀን የላችሁም አለው። ግማሽ ሰዓት በዚህ ሄደ። በመጨረሻ አጎቴ ማክሰኞ ነው ብለው ቆረጡ። ማክሰኞን ያልወደደ ብዙ ነበር፤ ተቃውሞ የሚያቀርብ ግን አልተገኘም።

ማክሰኞ ጠዋት አሥራ አራት ሰው መጣ። ሁሉም መፋቂያ ይዟል፤ ከቤቱ የቅቤ ቢላ ያመጣ አለ፣ የመኪና መስታወት በረዶ መፋቂያ ያመጣም አለ፣ በረዶ ዘንቦ በማያውቅበት ከተማ ከየት እንዳገኘው እንጃ። እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። አጎቴ መርቀው አስጀመሩ። አሥራ አራቱም ወደ ሞተር ሆሙ ዞሩና በሩ ላይ ቆሙ።

ሻወሩ አንድ ሰው ነው የሚይዘው።

ይህን እኔ አላሰብኩትም፣ ባሌ አላሰበውም፣ ሃያ ምናምን ዓመት የሰውን ጉዳይ ከሥር ከመሠረቱ ሲመረምሩ የኖሩት አጎቴም አላሰቡትም። ደቦ ሲባል ሁላችን ዓይን ላይ የመጣው ማሳ ነው፤ ሰው የሚሰለፍበት ስፋት ያለው ነገር። ባሌ እኔን አየኝ፣ እኔ ባሌን አየሁት። ወደ ቤታችሁ ተመለሱ አይባል፤ ምግቡ ተሠርቷል። ሁለት ካልሆነ እንግባ ብለው ዲያቆኑና ጴንጤው አብረው ሞከሩ። ገቡም፤ ነገር ግን ሁለቱም እጃቸውን ማንሳት አልቻሉም፤ ፊት ለፊት ተፋጠው ቆመው ቀሩና አንዱን ጎትተን አወጣነው።

አጎቴ ሰዓታቸውን ከክንዳቸው ፈትተው ያዙ። ለእያንዳንዱ ሰው አሥር ደቂቃ ፈረዱ። አንዱ ሲፍቅ አሥራ ሦስቱ ውጭ ይጠብቃል። ደቦ ያለ ዘፈን አይሆንምና አንዱ ማውጣት ጀመረ፣ የቀሩት ተቀበሉ። የሚዘፈነው ገብቶ ለሚፍቀው ነው፤ ክንዱ ይወደሳል፣ አባቱ ይነሳል፣ ማስቲሹ ጠላቱ ይሆናል። የተወደሰው ደግሞ ዘፈኑን በደንብ ለመስማት መፋቁን ያቆማል። አንዱማ ስሙ ሲጠራ አላስችል ብሎት መፋቂያውን እንደያዘ ወጥቶ ፎከረና በዚያው ተራው አለቀበት። ከእሱ በኋላ የገባው ሰው የቀደመው ሰው ምንም እንዳልሠራ፣ እሱ ግን እንደዚህ ቢፍቀው እንደሚለቅ ለሁላችን አስረዳ። አሥር ደቂቃው በማስረዳት አለቀ።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ምግቡ አልቆ ነበር። ከግድግዳው የለቀቀው ደግሞ የአንድ ሰሃን ያህል ነው።

ይሄኔ ነው ማስቲሹ በሙቀት እንደሚለሰልስ ያስታወስኩት። የጸጉር ማድረቂያዬን አምጥቼ ከእትዬ ወጥ ቤት በረጅም ገመድ ሰካነው። ሠራ፤ ማስቲሹ ላብ ላብ አለውና ከመፋቂያው ጋር መነሳት ጀመረ። ሰው ሁሉ ደስ አለው። አንዷ የደቦ ሠራተኛ ማድረቂያዋን ከቤቷ አመጣችና ሁለት ሆኑ። ሁለተኛው በተሰካ በደቂቃው ምግብ ቤቱ በሙሉ ጨለመ። ማቀዝቀዣው ዝም አለ፤ ውስጥ ምሳ ላይ የነበሩት ሰዎች ጉርሻቸውን እንደያዙ ቀሩ።

እትዬ ጭልፋዋን ይዛ ወጣች። ማን ነው ያጨለመብኝ አለች፤ አሥራ አራት ሰው ወደ አሥራ አራት አቅጣጫ አየ። ሁላችንንም ገፍታ ገባችና ሻወሩን አየችው። ለካ ይህን ሁሉ ቀን ግቢዋ ውስጥ ቆሞ እሷ አንድም ጊዜ አላየችውም፤ ሥራ ነበረባታ።

«ዘይት አትቀቡትም?» አለች።

አጎቴ ከወንበራቸው ቀና አሉ። «በዓይንሽ አይተሻል ወይስ ሲባል ሰምተሽ ነው?»

«በእጄ ነው የማደርገው ጋሼ። ጠርሙስ ላይ የተለጠፈ ወረቀት፣ አዲስ ሰሃን ላይ የሚቀር ሙጫ፣ ሁሉንም ዘይት ቀብቼ አሳድረውና በነጋታው በጨርቅ ነው የማነሳው። ኖ ፕሮብሌም።»

ከሁለት ሳምንት በኋላ የመጀመሪያው የዓይን ምስክር ተገኘ። እትዬ ሳምቡሳ የጠበሰችበትን ዘይት በጣሳ አመጣችና ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች ቀባነው። ደቦው በዚሁ ተበተነ። ሁሉም ሥራው እንዳለቀ ቆጥሮ፣ አጎቴን እንኳን ደስ ያለዎ ብሎ፣ የቀረውን ቢራ ጠጥቶ ሄደ። ሞተር ሆሙ ከዚያ በኋላ ለአንድ ወር ሳምቡሳ ሳምቡሳ ይሸት ነበር። ደንበኞች ግቢውን ሲያልፉ ይርባቸዋል ብላ እትዬ ወድዳዋለች።

ዘይቱ ሠራ፤ ነገር ግን ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው። ለሦስተኛው ሳምንት የቀረነው እኔና አጎቴ ብቻ ነን። እኔ ከዌስትቼስተር በአውቶቡስ እመለስና በቀጥታ ወደዚያ እሄዳለሁ። እሳቸው ሻወሩ ውስጥ ትንሽ በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ፤ ኮታቸውን አውልቀዋል፣ ክራቫታቸውን ግን አልፈቱም። እኔ ከበሩ ውጭ ቆሜ የጸጉር ማድረቂያውን በክንዳቸው ሥር አሳልፌ እይዛለሁ። አንድ መዳፍ የሚያህል ቦታ እናሞቃለን፣ በእትዬ የፕላስቲክ መፋቂያ ይገፉታል፣ በጨርቅ ይጠርጉታል፣ እንደገና ዘይት እንቀባለን። አይቸኩሉም። አንድ ሰው በዚህ ዓይነት ትዕግሥት ሲፈርድ ምን ዓይነት ዳኛ እንደነበረ ገመትኩ።

ሐሙስ ዕለት ይሆናል። ሁለት ግድግዳ ጨርሰን ሦስተኛው ላይ ነን፤ እሑድ ደርሷል። ደክሞኝ ስለነበር ምላሴ አመለጠኝ። «ጋሼ፣ እንዲያው እኛ ቤት ጠዋት ጠዋት አንድ ሰዓት ሙሉ ምን ሲያደርጉ ነበር?» አልኳቸው።

መፋቂያውን አላቆሙም። ማድረቂያው ስለሚጮህ ያልሰሙኝ መስሎኝ ነበር። ግድግዳውን ወደ ታች እየገፉ መለሱልኝ።

«መታጠቡስ አምስት ደቂቃ ነው» አሉ። «ቤትሽ ውስጥ እኔ የምዘጋው በር እሱ ብቻ ነበር።»

አፈርኩ። መኝታ ቤቱ የእኔና የባሌ ነው፤ ሳሎኑ የሁላችን መተላለፊያ ነው። ሶፋው ላይ ስምንት ወር ሲተኙ፣ እኔ ውሃ ልጠጣ ብነሳ፣ ባሌ ከሥራ ሲገባ፣ ስልክ ሲደወል፣ ሁልጊዜ ሰው ፊት ነበሩ። በሩን ዘግተው፣ ውሃውን ከፍተው፣ የባኞው ጠርዝ ላይ ዝም ብለው ይቀመጡ ነበር ማለት ነው። እኔ ደግሞ ፎጣዬን ትከሻዬ ላይ ጥዬ፣ እየተቁነጠነጥኩ፣ ምን ያህል ቢቆሽሹ ነው ስል። ማድረቂያውን አንድ ቦታ ላይ ረስቼው ኖሮ፣ ሸሚዛቸው ሊቃጠል ሲል እጄን ገፉት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አለቀ። ግድግዳው ነጭ ነው። ጭረቱ አለ፣ የሳሙና ማስቀመጫው አለ፣ ማስቲሽ ግን የለም። አጎቴ በመዳፋቸው ከላይ እስከ ታች ዳሰሱትና ሳሙናና ፎጣቸውን አነሱ። የአውቶቡስ ቲኬቱ ምድጃው አጠገብ ነበር፤ አላነሱትም፣ አልቀደዱትምም። ልየው አሉና ገብተው በሩን ዘጉ። እኔ፣ ባሌና እትዬ ደረጃው ላይ ተደርድረን ቆምን። ውሃው ሲወርድ ሰማንና ተያይተን ሳቅን።

አምስት ደቂቃ ሲሆን የባሌ ሳቅ ጠፋ። «የውሃ ታንከሩ እኮ ትንሽ ነው» አለኝ በሹክሹክታ። «አንድ ሰው ቶሎ ቶሎ ካላለ...» ታዲያ ለምን አልነገርካቸውም ስለው፣ አንቺስ አለኝ። ይህን ስንባባል ውሃው ተንጠባጠበና ቆመ።

ከውስጥ ድምፅ የለም። ሳሙና እንደተቀቡ አውቀናል፤ ሽታው በበሩ ሥር ይመጣል። ባሌ ባልዲ ሊያመጣ ሲል ያዝኩት፤ ሳይጠይቁ መስጠት እንዴት እንደሚያስከፋቸው አውቃለሁ። ወደ በሩ ጠጋ ብዬ ውሃ ላምጣልዎት አልኩ። አያስፈልግም አሉኝ። ድምፃቸው የችሎት ድምፅ ነበር።

ቆምን። ሳሙና ሲደርቅ ቆዳን ያሳክካል፤ ገላ ይበርደዋል። በዚያች ሳጥን ውስጥ አንድ ትልቅ ሰው ራቁታቸውን ቆመው፣ ሌላ ሰው የሚያስፈልግበት ቤት ቤት ነው ወይስ አይደለም እያሉ ለራሳቸው ሲፈርዱ ታዩኝ። እሑድ ነገ ነው። ሂውስተን ሄዱ አልኩ በልቤ፤ ማስቲሹን አሸንፈን በውሃ ተሸነፍን። እትዬ ጸሎት ይሁን እርግማን የማይለይ ነገር ታነበንባለች። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም፤ ለእኔ ከሦስቱ ሳምንት በላይ ነበር።

«ልጄ» አሉ ከውስጥ።

«አቤት ጋሼ።»

«ውሃ አምጪልኝ።»

እትዬ ወጥ ቤት እንዴት እንደደረስኩ አላስታውስም። ለምስር የተጣደ ለብ ያለ ውሃ ነበር፤ በድስቱ ይዤው መጣሁ። በሩ በስንዝር ተከፈተና ሳሙና የደረቀበት ክንድ ወጣ። ድስቱን ተቀበሉ። ውሃው ሲፈስ ሰማሁ። ባዶውን ድስት በዚያው በስንዝር መለሱልኝ።

«አልበቃኝም» አሉ። «ድገሚኝ።»

ስምንት ወር ሙሉ ገበታዬ ላይ ወጥ በጨለፍኩላቸው ቁጥር የሚሉኝ በቃኝ ነበር፤ እጃቸውን በሰሃኑ ላይ ጋርደው በቃኝ። ድገሚኝ የምትለውን ቃል ከአፋቸው ስሰማ ያን ዕለት የመጀመሪያዬ ነው። ሂውስተን እንደማይሄዱ ያኔ አወቅሁ። ባዶ ድስት ታቅፌ ስመለስ ባሌ ምን አሉ አለኝ፤ ድገሚኝ አሉ አልኩትና ግቢው መሃል ቆሜ አለቀስኩ። እትዬ ምንም ሳትጠይቅ ወጥ ቤቷ ገብታ፣ ምስሯን ትታ ትልቁን ድስት ውሃ ሞልታ ጣደች።